ፍሬሽ ተማሪን «ቤትሽን እርሺ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ታላቅ እህቴ ትምህርቷን ያቆመችው ከ4ኛ ክፍል ነው። ልጇ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝና «አክስቴ፣ ይሄ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጽሑፉ ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያ ለሆኑ ልጆች የተጻፈ ምክር ነው። አምስት ነጥቦች አሉት። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ቤተሰብ ጋ ቶሎ ቶሎ አትደውሉ፣ ችግራችሁንም አትንገሩ። ግቢ ውስጥ ማንም አይረዳችሁም፣ ራሳችሁን ቻሉ። የመጀመሪያው ሴሚስተር መልመጃ ነው፣ በውጤቱ አትጨነቁ። ካገራችሁ ልጆች አትራቁ። የወጪ መጋራት ፎርም ሲመጣ ፈርሙና እርሱት።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ያስታውቃል። ግቢ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ዶርም ሕይወት የጻፉት መግቢያ ልክ ነው። ግን እኔም በ2005 ዓ.ም. ስገባ ከቤታችን የመጀመሪያዋ ነበርኩ። አምስቱንም ነገር ማንም ሳይመክረኝ አድርጌዋለሁ። አንዱም አልጠቀመኝም። የእህቴ ልጅ እኔን ትጠይቃለች፤ የምትጠይቀው ሰው የሌላት ልጅ ግን ይህን ጽሑፍ አንብባ እንዳለ ልትቀበለው ትችላለች። ስለዚህ በየነጥቡ መልስ ልስጥ።

«ቤተሰብ ጋ ቶሎ ቶሎ አትደውሉ»

ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ናፍቆት ያዘናጋል። ሁለተኛ፣ ያልተማሩ ወላጆች ግቢን ስለማያውቁ የሚመክሩት አይረባም።

የእኛ ቤት ደቡብ ጎንደር ነው። እኔ የተመደብኩት ወደ ደቡብ፣ የሁለት ቀን መንገድ ነበር። አንድ ቀን አዲስ አበባ አድሬ ነው የደረስኩት። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ ነበር። አባቴ ስልኩን ቻርጅ የሚያስደርገው ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ስለነበር የምንገናኘው ቅዳሜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የተለጠፈ ሰሞን ደወልኩለት።

«ስንተኛ ወጣሽ?» አለኝ።

«አባዬ፣ እዚህ ደረጃ የለም። 2.4 ነው ያመጣሁት።»

«ከስንት?»

«ከ4።»

ዝም አለ። የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው ስለ በግ ዋጋ ይጨቃጨቃል። ከዚያ ቀስ ብሎ «ግማሽ መሆኑ ነው?» አለኝ።

ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ካርድ በያዝኩ ቁጥር ደረጃዬን ለጎረቤት ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። «ካርድ እያለቀብኝ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ካርዴ አላለቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አልደወልኩም። ሲደውልም አላነሳሁም። ልክ ጸሐፊው እንደመከሩት ችግሬን ለራሴ ያዝኩ።

ትምህርቴ ላይ አተኮርኩ? አላተኮርኩም። ላይብረሪ ተቀምጬ የማስበው አባቴ ምን ብሎ ይሆን የሚለውን ነበር። እነሱ ደግሞ ታምሜ መስሏቸው እናቴ ስለት ተስላ ነበር። ይህን የሰማሁት ቆይቶ ነው፤ እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ደወልኩና አስረዳሁት። 4 ማለት ሁሉንም ኤ ማምጣት ነው አልኩት። ለመመረቅ ቢያንስ 2 ነጥብ ያስፈልጋል፤ እኔ ከዚያ በላይ ነኝ አልኩት። ስለ ክሬዲትም ነገርኩት። 4 ክሬዲት ያለው ኮርስ ከ2 ክሬዲቱ ሁለት እጥፍ ይመዝናል፤ እኔን የጎዳኝ አንድ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንደ ማሳ ነዋ» አለ። «ሰፊው ማሳ ላይ ከጠፋ የጓሮዋ አትሸፍነውም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንገናኝ ደረጃዬን አይጠይቀኝም። የሚጠይቀኝ «ሰፊው ማሳ እንዴት ነው?» እያለ ነው።

አባቴ ማንበብ የሚችለው በጭንቅ ነው። ግን የክሬዲትን ነገር ከብዙ የክፍሌ ልጆች ቀድሞ ገባው። ግቢን አያውቅም ማለት ብትነግሪው አይገባውም ማለት አይደለም። ጸሐፊው እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርገዋቸዋል።

አንድ ነገር ላይ እስማማለሁ። ማታ ማታ እየደወሉ አብሮ ማልቀስ ለማንም አይበጅም። ቀን መርጦ መደወል ጥሩ ነው። ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ገንዘብ ሲያጥር «ሞልቷል»፣ ውጤት ሲበላሽ «ደህና ነው» እያሉ አራት ዓመት መዝለቅ አይቻልም።

«ማንም አይረዳችሁም፣ ራሳችሁን ቻሉ»

ከአምስቱ ነጥቦች ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ያ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ካልኩለስ ነበር። የሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ) ፈተናው ሳምንት ወባ ያዘኝ። ካደግሁበት ደጋ ወባ አላውቅም ነበር። የግቢው ክሊኒክ የወባ መድኃኒት ሰጥቶኝ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ከረምኩ። ፈተናው አለፈኝ። ሚዱ ከ30 የሚያዝ ነበር፤ ዜሮ ሆነ። ያመለጠኝ ነገር አለቀ ብዬ ተቀበልኩ። ራሴን ቻልኩ ማለት ነው። በቀረው 70 ታግዬ ኮርሱን በዲ አለፍኩ።

ከእኔ አልጋ በታች የምትተኛ የአሰላ ልጅ ነበረች። እሷም በሁለተኛው ሴሚስተር ወባ ያዛትና ሚድ አመለጣት። ወዲያው አባቷ ጋ ደወለች። አባቷ መምህር ነው። እሱም «ከክሊኒኩ የሕክምና ማስረጃ አጽፊ፤ ማመልከቻ ጽፈሽ ለዲፓርትመንት ኃላፊው አስገቢ፤ ሜክአፕ፣ ማለትም የማካካሻ ፈተና፣ ይሰጡሻል» አላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀባት። በሳምንቱ ተፈተነች።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስሰማ ደንግጬ ቀረሁ። ወረቀት እንዳለ አላውቅም ነበር። ክሊኒክ ሄጄ ታክሜያለሁ፤ ማስረጃ ግን አልጠየቅሁም። በማግስቱ ሄጄ ስጠይቅ «አሁን ነው የምትመጪው? ጊዜው አልፏል» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

እኔና እሷ በጭንቅላትም በጥረትም አንበላለጥም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የለየን፤ እሷ ቤት ስልክ የሚያነሳው ሰው ግቢ ኖሮ ያውቃል። ከቤቱ የመጀመሪያ የሆነ ተማሪ የሚጎድለው ይህ ነው። ሌላው ልጅ እራት ላይ እየሰማ ያደገውን ነገር እሱ ከማያውቀው ሰው ጠይቆ ማግኘት አለበት። እንዲህ ያለውን ልጅ «አትጠይቅ፣ ራስህን ቻል» ማለት ያለችውን አንዲት በር መዝጋት ነው።

ደግሞ «ማንም አይረዳችሁም» የሚለው እውነት አይደለም። የብዙ መምህራን ቢሮ በር ላይ የኮንሰልቴሽን (የማማከሪያ) ሰዓት ተለጥፏል። ያ ሰዓት ለተማሪ የተመደበ ነው፤ ማንኳኳት ነውር የለውም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ መምህራኑ ለራሳቸው የለጠፉት ፕሮግራም ይመስለኝ ነበር። የተማሪዎች ዲን ቢሮ አለ። ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል የሚያዘጋጅ፣ ለተቸገሩትም ትንሽ የኪስ ገንዘብ የሚፈልግ የጀንደር ቢሮ በየዩኒቨርሲቲው አለ። በጎ አድራጎት ክበብ አለ። የየሃይማኖቱ የተማሪዎች ኅብረትም፣ ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው፣ ፌሎሺፑ፣ ብዙ ልጅ ደግፏል። ሁሉም እኩል ይሠራሉ አልልም። የሚሠራውን ለማወቅ ግን መሄድ ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛ የሚያስፈራቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ እኔም ነበርኩ። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ከከበዳችሁ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ኮሪደር ላይ ጠይቁ። በአማርኛ ብትጠይቁ የሚቆጣችሁ መምህር ብዙም አይገጥማችሁም። የሚቆጣ ቢገጥማችሁ እንኳ ቁጣው ያልፋል፤ ዲ ግን ትራንስክሪፕት ላይ ይቀራል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? የእኔ 30 ማርክ የቀረው ባለመናገር ነው።

«የመጀመሪያው ሴሚስተር መልመጃ ነው»

ጸሐፊው ከገጠር የመጣ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ በኋላ ይስተካከላል ይላሉ። ማጽናናታቸው ነው። ሒሳቡ ግን አያጽናናም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር 1.8 ያመጣ ተማሪ እንውሰድ። በሁለተኛው ሴሚስተር ያንኑ ያህል ክሬዲት ወስዶ የሁለቱን አማካይ 3 ነጥብ ማድረስ ቢፈልግ 4.2 ማምጣት አለበት። ከ4 በላይ ደግሞ የለም። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ቢቸክል በመጀመሪያ ዓመቱ 3 አይደርስም።

የእኔንም ልጨምር። 17 ክሬዲት ነበር የወሰድኩት። ካልኩለሱ ዲ ስለሆነ 4 ነጥብ ብቻ ሰጠኝ። ቢ ቢሆን 12 ይሰጠኝ ነበር። ያቺ የ8 ነጥብ ልዩነት 2.4ን ወደ 2.87 ታደርሰው ነበር። ዜሮ የሆነች አንዲት ሚድ እስክመረቅ ድረስ ተከተለችኝ።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከእኔ ጊዜ ይብሳል። እኔ ስገባ ፍሬሽማን የሚባለው፣ ዲፓርትመንት ከመመረጡ በፊት የጋራ ኮርስ የሚወሰድበት የመጀመሪያ ዓመት፣ አልነበረም፤ በቀጥታ ዲፓርትመንት ነው የገባነው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመልሶ መጣ። አሁን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዲፓርትመንት ሲመረጥ የፍሬሽማን ውጤት ይቆጠራል። «መልመጃ» የተባለው ሴሚስተር ተማሪው ምን ሆኖ እንደሚመረቅ ይወስናል ማለት ነው። ሎጂክና ጂኦግራፊን «ኮመን ኮርስ ነው» ብሎ ንቆ የፈለገውን ዲፓርትመንት ያጣ ልጅ በቅርቡ አውቃለሁ። እስካሁን አልዋጥለት ብሎታል።

«ዝቅ ማለቱ አይቀርም» የሚለውም ከልቤ አልገባም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። በዚህ ያለፈ ልጅ፣ ወይም ማለፊያውን ላላመጡ የተዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት (ሪሜዲያል) ገብቶ እንደገና ታግሎ የመጣ ልጅ፣ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ይወድቃል ተብሎ መነገር የለበትም። እንዴት እንደሚቆጠር ይነገረው። ክሬዲት ምንድን ነው፣ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) መቼ ይመጣል፣ ዲስሚሳል (መባረር) ከስንት በታች ነው፤ ይህ በተማሪዎች መመሪያው ላይ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ይነበብ።

ስለ አጠናን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለፈተና ማታ ሸምድዶ ጠዋት መርሳት ድሮ ያስመርቅ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከመመረቅ በፊት የሚወሰድ የመውጫ ፈተና አለ። በሁለተኛ ዓመት ሸምድዳችሁ የረሳችሁት የዲፓርትመንት ኮርስ በመጨረሻው ዓመት ተመልሶ ይጠይቃችኋል። 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም።

«ካገራችሁ ልጆች አትራቁ»

ይህን ምክር ከመንቀፌ በፊት የሚገባውን ልስጠው። መናኸሪያ ስደርስ ሻንጣዬን ተቀብለው ዶርም ድረስ ያደረሱኝ ያገሬ ልጆች የሆኑ ሲኒየሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ያለ እነሱ እንዴት እንደሚያልፍ አላውቅም። ደግሞ ጸሐፊው ስጋት አላቸው፤ ስጋታቸው መሠረት አለው። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው ብሔር ለይቶ በተነሳው ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ልጅም ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ይህን ያየ ሰው ልጆቹ አብረው ይሁኑ ቢል አልፈርድበትም። አደጋ ባለበት ቀን አብሮ መሆን ይጠብቃል።

እሳቸው የሚሉት ግን ከዚያ ያልፋል። ጥናቱም፣ ምግቡም፣ ጓደኝነቱም ካገር ልጅ ጋር ብቻ ይሁን ነው የሚሉት። እኔ ያንን አድርጌያለሁ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ብሎክ፣ ያገሬ ልጆች ዶርም እውላለሁ። ወደ ዶርሜ የምመለሰው ለመተኛት ነው። ከዶርሜ ልጆች ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። አብሬያቸው የምውላቸው ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ እንደ እኔ ከቤታቸው የመጀመሪያ ነበሩ። እኔ የማላውቀውን እነሱም አያውቁም።

የአሰላዋ ልጅ ከአልጋዬ ሥር ነበረች። እኔ በወባ ስንቀጠቀጥ ውሃ ያቀበለችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን «ሚድ አመለጠኝ» ብዬ ብነግራት ኖሮ ያኔውኑ አባቷ ጋ ትደውልልኝ ነበር። አልነገርኳትም። ካገሬ ሰው ውጭ ችግሬን ለምን እናገራለሁ ብዬ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ግን በሶዬን አወጣሁ፤ እሷም ከቤት የመጣላትን ጩኮ አወጣች። አብረን ማጥናት ጀመርን። የዶርሙ ስድስት ልጆች ከአራት ክልል ነበርን። የወላይታዋ ልጅ ለፊዚክስ ማንም አይደርስባትም ነበር። አንዷ አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ የእንግሊዝኛ ፕረዘንቴሽን ስታለማምደን መስታወት ፊት ታቆመን ነበር።

ስለዚህ ያገር ልጅ ይኑራችሁ። ግን አልጋችሁ አጠገብ የሚተኛውን ሰው ስሙን ብቻ አውቃችሁ ዓመቱን አትጨርሱ።

«ፈርሙና እርሱት»

የወጪ መጋራት ፎርም በየዓመቱ ይሞላል። ውል ነው። የምግብና የዶርም ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በተማሪው ላይ ይመዘገባል። ሥራ ሲያዝ ከደመወዝ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ነን ካፌ ሆናችሁ፣ ማለትም ግቢው ካፌ መብላት ትታችሁ፣ በእጃችሁ የምትቀበሉት ገንዘብም ስጦታ አይደለም፤ እዚያው ላይ ይደመራል። ዕዳው ሳይዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪ መውሰድ አይቻልም።

«እርሱት» ማለት ለእኛ ቤት ልጅ አይሠራም። ለአባቴ ዕዳ ማለት በሬ የሚያሸጥ ነገር ነው። አንድ ክረምት ቤት ስገባ «መንግሥት ነው የሚያስተምርሽ» ብሎ ለጎረቤት ሲያወራ ሰማሁት። ፎርሙን እንደፈረምኩ ነግሬው ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ተመርቄ የመጀመሪያው ደመወዜ ተቆርጦ ሲመጣ ነው የነገርኩት። ቀድሞ ቢያውቅ አይከፋም ነበር፤ የከፋው መደበቄ ነው። የፈረማችሁትን ወረቀት ኮፒ ያዙ። ስንት እንደሆነ እወቁ። ለቤታችሁም ንገሩ። ይኼው ነው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፍዎ ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፤ እንደገና ሲያወጡት «ማንም አይረዳችሁም» የሚለውን ያውጡልን። በቦታው አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻው ጊዜ) መቼ እንደሚዘጋ፣ ከጀመሩት ኮርስ በዊዝድሮው (በማቋረጥ) የሚወጣው እንዴት እንደሆነ፣ ፈተና በሕመም ሲያመልጥ የሚቀርበው ወረቀት የት እንደሚጻፍ ያስገቡበት። እርስዎ ይህን ያውቃሉ። አንባቢዎ ግን ቤቱ ውስጥ የሚነግረው ሰው የለም።

ለእህቴ ልጅ የላክሁላት መልስ አጭር ነው። የተማሪዎች መመሪያውን ከሬጅስትራር (ከምዝገባ ቢሮው) ጠይቂ አልኳት። ከአልጋሽ በታችና በላይ ያሉትን ልጆች በመጀመሪያው ማታ በሶ አቅምሺያቸው አልኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አያትሽ ጋ ደውይ። ሰፊው ማሳ ስንት ክሬዲት ነው ብሎ ይጠይቅሻል፤ መልሱን ይዘሽ ጠብቂው።